ዝም ያለችው ሙሽራ

በሰሜኑ ደጋ በቀደመው የሰርግ ሥርዐት ሙሽራ አትናገርም። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዐይኗን ወደ መሬት ሰብራ ትቀመጣለች፤ ሚዜ ቢቀልድ አትስቅም፣ ሽማግሌ ቢመርቅ ድምፅዋ አይሰማም። ስለ እርሷ የሚናገሩት ሌሎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ስለ ጥሎሹ፣ አባቷ ስለ አማቹ ዘርና ርስት፣ ዘፋኞቹ ስለ ውበቷ ይናገራሉ። ዝምታዋ ጨዋነት ይባላል። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚያወጣው መንገድ፣ ከአለት የተፈለፈሉትን ብልባላ ጊዮርጊስንና ብልባላ ጨርቆስን ሊሳለም የወጣ የጥንት መንገደኛ፣ ወሩ ጥር ከሆነ በበቅሎ ላይ የተቀመጠች አንዲት እንዲህ ያለች ተከናንባ የምትሄድ ልጅ ሳትገጥመው አትቀርም ነበር። መንገደኛውም እልል ብሎ ያልፋል እንጂ «ይህች ልጅ ምን ነካት? ለምን አትናገርም?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ጥያቄ የተጠየቀው በሌላ አገር፣ በመድረክ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1666 በፓሪስ ፓሌ ርዋያል ቴያትር ቤት ሞሊየር አንድ አዲስ ቧልት ለሕዝብ አሳየ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ስጋናሬል የተባለ እንጨት ቆራጭ ሚስቱን ይደበድባል። ሚስቱም በቀሏን በልቧ ይዛ ስትቆዝም ሐኪም ፍለጋ የወጡ ሁለት ሰዎች ያገኟታል። እርሷም «ጫካ ውስጥ እንጨት የሚቆርጠው ሰው ታላቅ ሐኪም ነው፤ ግን ጠባዩ ልዩ ስለሆነ ካልተደበደበ ሐኪምነቱን አያምንም» ብላ ትልካቸዋለች። ሰውየው በዱላ ብዛት ሐኪም ይሆናል። የሚወሰደውም ዤሮንት ወደተባለ ባለጸጋ ቤት ነው። የዤሮንት ልጅ ሉሲንድ በድንገት ዲዳ ሆናለች። እርሷ ግን ዲዳ አይደለችም። አባቷ ለማትወደው ሀብታም ሊድራት ስላሰበ፣ ሰርጉን ለማዘግየት ከዝምታ በቀር ሌላ መሣሪያ ስላጣች ነው። የምትወደው ሌአንድር ደግሞ መድኃኒት ቀማሚ መስሎ፣ የሐሰተኛው ሐኪም ረዳት ሆኖ ወደ ቤቷ ይገባል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። እዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው በሌላ ሰው ተሳስቷል። እንጨት ቆራጩ በሐኪም፣ ጤነኛዋ በሕመምተኛ፣ አፍቃሪው በመድኃኒት ቀማሚ ተሳስቷል። ስሕተት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እንጨት ቆራጩ ሐኪም የሆነው ተገድዶ፣ አፍቃሪው መድኃኒት ቀማሚ የሆነው ፈቅዶ ነው። ልጅቱ ዲዳ የሆነችው ግን ሌላ የምትሆነው ስላልነበራት ነው። ከሳቁ ሥር የተቀበረው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ለመሆኑ ይህ የፓሪስ ቧልት ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

የአማርኛ ቴያትር ታሪክ የሚጀምረው ራሱ በኮሜዲ ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሩስያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላ ፊታውራሪና በጅሮንድ የተባሉት፣ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ሰዎች፣ በተለይም ስለ ሹማምንት ብልሹነት ነበር። መኳንንቱ የተሸፈነው እነርሱን እንደሚመለከት ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ተውኔቱ ታገደ፤ በንግሥት ዘውዲቱም ዘመን ቴያትር ዳግመኛ አንገቱን ቀና ሳያደርግ ቀረ። ደራሲው መነሻ ያደረጓቸው የላ ፎንቴን ተረቶች ነበሩ። ላ ፎንቴን ደግሞ ከሞሊየር በአንድ ዓመት ብቻ የሚበልጥ፣ የዚያው ዘመንና የዚያው ከተማ ሰው ነው። ሞሊየርም በዚያው እንጨት ቆራጩን በጻፈበት ጊዜ የእገዳን ምሬት እየቀመሰ ነበር፤ ሃይማኖተኛ መሳይ አታላይን የሚያሳየው «ታርቲዩፍ» በ1664 ከታየ በኋላ ታግዶ እስከ 1669 ድረስ ለሕዝብ በነጻ እንዲታይ አልተፈቀደም። ስለዚህ የእኛ ቴያትርና የፈረንሳዮቹ ኮሜዲ የተዛመዱት በአንድ መከራ ጭምር ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱም አገር ሥልጣን ያለው ሰው አስቀድሞ የፈራው ልቅሶን ሳይሆን ሳቅን ነው።

ከፋቡላ ወዲህ አርባ ዓመት ያህል አለፈ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ጠላት መጣ፤ ተባረረ፤ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ተከፈተ። በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴትን ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ነበሩ። ከዝምታ ጋር ስለተያያዘ ነው ይህን የማነሣው። በመድረክ ላይ ሙሽራ ብትኖር እንኳ የምትናገረው በወንድ አፍ ነበር። እንደ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ቀደምት ተዋንያት ወደ መድረክ ሲወጡ የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነበር። የጨዋ ልጅ በአደባባይ፣ ያውም በሐሰት፣ ሚስትና ፍቅረኛ መሆኗ በዘመኑ ወግ ነውር ነበርና። በሞሊየር ማኅበር ውስጥ ግን ሴቶች ከመጀመሪያው አንሥቶ ነበሩ፤ ማድሌን ቤዣር ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ነበረች።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ ታሪኩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። በአምቦ አካባቢ ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት ጸጋዬ በልጅነታቸው ግእዝ የቀመሱ፣ ገና ተማሪ ሳሉም ስለ ንጉሥ ዳዮኒሰስ ተውኔት ጽፈው ያሳዩ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በለንደን የሮያል ኮርት ቴያትርን፣ በፓሪስ ደግሞ ኮሜዲ ፍራንሴዝን ተመለከቱ፤ ተማሩባቸውም። ኮሜዲ ፍራንሴዝ ሞሊየር ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ በ1680 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ እስከ ዛሬም «የሞሊየር ቤት» የሚባል ቴያትር ነው። ጸጋዬ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ሲሠሩ ኦቴሎንና ሐምሌትን ብቻ አይደለም ወደ አማርኛ ያመጡት። ታርቲዩፍንና ያንን የእንጨት ቆራጩን ቧልትም አምጥተዋል። ሁለተኛውን «የፌዝ ዶክተር» ብለው ሰየሙት። በነገራችን ላይ እንግሊዛዊው ሄንሪ ፊልዲንግ በ1732 ይህንኑ ቧልት ወደ ቋንቋው ሲያዛውር የሰጠው ስያሜም ከዚህ ጋር አንድ ነበር።

እኛ ጸጋዬን የምናስበው በዐቢዩ ድምፃቸው ነው፤ በነጎድጓዱ፣ በመከራው፣ በጥንታዊው ታሪክ። የፌዝ ዶክተር በዚያ ትልቅ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ቀርቷል። ይህ ራሱ አንድ የማንነት ስሕተት ይመስለኛል። ሰቆቃን ከፍ፣ ቧልትን ዝቅ አድርገን ስለምናይ፣ አንድ ደራሲ ሁለቱንም ሲጽፍ ግማሹን ብቻ እናውቃለን።

በዚያው በ1950ዎቹ፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላ ታላቅ ሰው ደግሞ ስለ ትጭትና ስለ ጋብቻ ይጽፉ ነበር። መንግሥቱ ለማ የታላቁ ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው። ከአባታቸው የቅኔን ጥበብ፣ ከለንደን ትምህርታቸው ደግሞ የበርናርድ ሾን ዓይነት የሐሳብ ኮሜዲ ይዘው መጡ። «ጠልፎ በኪሴ» ላይ የተማሩ የከተማ ጎረምሶች ሚስት ፍለጋ ወደ ጥንቱ የጠለፋ ልማድ ሲመለሱ እናያለን። «ያላቻ ጋብቻ» ላይ ደግሞ ውጭ አገር የተማረ የባላባት ልጅ ከቤት ሠራተኛው ጋር ጋብቻ ሲያስብ ዘመዶቹ የሚሆኑትን እናያለን። ሁለቱም ተውኔቶች ተመልካቹን ያስቃሉ። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ አቻ ማለት ማን ነው? የሚለካውስ በምንድን ነው?

የሞሊየር ዤሮንት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ሌአንድር ድሀ ሳለ ልጁን አይሰጠውም። በመጨረሻ ግን የሌአንድር አጎት ሞቶ ሀብቱን እንዳወረሰው ሲሰማ፣ ያን ጊዜ ሰውየው በድንገት ምርጥ አማች ይሆናል። ሌአንድር ግን ያው ሌአንድር ነው፤ ፊቱም፣ ፍቅሩም፣ ጠባዩም አልተለወጠም። ከሁሉ የከፋው የማንነት ስሕተት እንግዲህ ሐኪሙን አለማወቅ አልነበረም፤ ሰውን በኪሱ ማወቅ ነበር። ይህን የላስታ ገበሬ ለመረዳት የፈረንሳይ ታሪክ መማር አያስፈልገውም። ርስትና ከብት፣ ዘርና ጉልት ጋብቻን ሲወስኑ አይቷል፤ አያቱም አይተዋል።

የሳቁ ጉዳይ ቀልድ ብቻ እንዳልነበር ለማሳየት ሕጉን መጥቀስ ይበቃል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴትን መጥለፍ ወንጀል ነበር። ነገር ግን ጠላፊው ከጠለፋት ልጅ ጋር በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ ያመልጥ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። መንግሥቱ ለማ ጠለፋን በመድረክ ላይ ያሳቁበት ዘመን ይህ ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ጠላፊው በጋብቻ የሚያመልጥበት በር የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። በሳቁና በሕጉ መካከል አርባ ዓመት ያህል አለ። ተውኔት ሕግ አይለውጥም ይባል ይሆናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የተሳቀበት ልማድ እንደ ቀድሞው በሙሉ ግርማው ሊቆም አይችልም።

አሁን ወደ ብልባላ እንመለስ። የፌዝ ዶክተር በዚያ ደጋ፣ በዋርካ ጥላ ወይም በቤተ ክርስቲያን አጸድ አጠገብ፣ ያለ መጋረጃና ያለ መብራት ቢታይ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሳሰላስለው ኖሬአለሁ።

በመጀመሪያ ነገር፣ የሐሰተኛው ሐኪም ላቲን ችግር አይሆንም። በሞሊየር ተውኔት ስጋናሬል ዤሮንት ላቲን አለማወቁን ካረጋገጠ በኋላ የማይያያዙ ቃላት እየደረደረ ያፈዘዋል። የልብን ቦታ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዛውረውም፣ ዘመናዊው ሕክምና እንዲህ ለውጦታል ብሎ ያልፋል። ለላስታ ሰው የዚህ አቻ በደጁ አለ። ግእዝ በየቅዳሴው ይሰማል፤ የሚረዳው ግን ጥቂት ነው። አጎራባቹ ዋድላ በቅኔ መምህራኑ ስሙ የገነነ አገር ነው። እውነተኛ ሊቅ ባለበት አገር ደግሞ ሊቅ መሳይ አይጠፋም። ሁለት የተሰበረ የግእዝ ቃልና አንድ የብራና ቅዳጅ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞር አዋቂ ነኝ ባይ በየዘመኑ ነበረ። ስለዚህ ተዋናዩ ላቲኑን ወደ ተሰባበረ ግእዝ ቢለውጠው፣ መጀመሪያ የሚስቁት ካህናቱ ይሆናሉ፤ ስሕተቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ገበሬው ደግሞ በካህናቱ ሳቅ ይስቃል። ሞሊየርም የፓሪስን ሐኪሞች ያሳቀቀው በዚሁ መንገድ ነበር፤ እውቀትን አልተቃወመም፤ እውቀት የሚመስለውን ልብስ ገለጠ እንጂ።

ሁለተኛው ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ሉሲንድ ዝም ብላ ወደ መድረክ ስትገባ የፓሪስ ተመልካች ሕመም አየ። የብልባላ ተመልካች ግን መጀመሪያ የሚያየው ሕመም አይሆንም። የሚያየው ሙሽራ ነው። ጨዋ፣ በሥርዐት ያደገች፣ ለአባቷ ታዛዥ ልጅ ያያል። «አባትየው ምን ጎደለው?» ይላል። የሞሊየር ቧልት በዚህ ምድር ላይ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ በፓሪስ መድኃኒት የተፈለገለት ነገር በዚህ ምርቃት የሚሰጠው ነው። ተመልካቹ ቀስ እያለ፣ የልጅቱን ዐይን እያየ፣ ዝምታዋ ታዛዥነት ሳይሆን እንቢታ መሆኑን ሲረዳ፣ ያየው ሁሉ በኋላው ይለወጥበታል። ሰሙ ጨዋነት ነበር፤ ወርቁ እንቢታ። ከዚያም ወዲህ ያየውን እያንዳንዱን ሙሽራ ያስታውሳል። የእናቱን ሰርግ ያላየ ሰው እንኳ ስለ እናቱ ዝምታ ያስባል።

ቀጥሎም ሉሲንድ ትናገራለች። ከሁሉ የምወደው ቦታ ይህ ነው። አንደበቷ ሲፈታ አባቷ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ግን የመጀመሪያው ንግግሯ ያንን ሰው አላገባም የሚል ነው። አባትየው አንድ ቃል ሊያስገባ ይሞክራል፤ እርሷ አታስገባውም። የታፈነው ሁሉ አንድ ጊዜ ይወርዳል። አባትየውም ተጨንቆ ሐኪሙን እባክህ እንደገና ዲዳ አድርጋት ብሎ ይለምነዋል። ሐኪሙም ይህንስ አልችልም፣ ከፈለግህ ግን አንተን ላደነቁርህ እችላለሁ ይለዋል። ሳቁ ይፈነዳል። ነገር ግን በዚህች ቀልድ ውስጥ አንድ ትልቅ ታሪካዊ እውነት ተቀምጧል። አንዴ የተናገረችን ልጅ ዳግመኛ ዝም ማሰኘት የሚችል ሐኪም የለም፤ የሚቀረው አለመስማት ብቻ ነው።

የላስታ ሴት ልጅ ግን ከቶ ድምፅ አልነበራትም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። በየዓመቱ ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ በላሊበላና በላስታ አሸንድዬ፣ በሰቆጣ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ አለ። ልጃገረዶቹ ረጅሙን ለምለም ሣር በወገባቸው ያስራሉ፤ ከበሮአቸውን ይዘው ከቤት ቤት፣ ከአደባባይ አደባባይ ይዘፍናሉ። በእነዚያ ቀናት ዐይኗን መሬት ላይ የምትሰብር የለችም። ያሞግሳሉ፣ ይነቅፋሉ፣ ይሸነቁጣሉ፤ ጎረምሶቹም ቆመው ይሰማሉ፣ ልባቸውን የሚጥሉትም በዚያ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዝም የምትለው ልጅ በነሐሴ የምትናገረው ልጅ ራሷ ናት። እንግዲህ የትኛዋ ናት እውነተኛዋ? ተውኔት ተመልካቹን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለእኔ የፌዝ ዶክተር በላስታ ደጋ የሚታይበት ትክክለኛ ሳምንት የአሸንድዬ ሳምንት ነው፤ ሉሲንድንም መጫወት ያለባት ከጨዋታው የመጣች፣ ከበሮዋን ገና ያላስቀመጠች ልጅ ናት።

ይህን ስጽፍ የሚያሳፍር የቅንጦት ሐሳብ እንዳይመስል እሰጋለሁ። ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ለወራት በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ የዚያ ዓመት አሸንድዬ የዋለው በዚያ ጭንቀት መካከል ነው። ከዚያም ወዲህ ያ አገር ሙሉ ዕረፍት አላገኘም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ እንጨት ቆራጭና ስለ ሐሰተኛ ሐኪም ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። ጦርነት ሰውን ሁሉ በአንድ ስም ይጠራል፤ ጠላት ወይም ወገን ብሎ ይከፍለዋል እንጂ ሰውየውን ራሱን አያይም። አንዱን በሌላው መሳሳት በጦርነት ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል። ኮሜዲ ደግሞ ስሕተቱን ያለ ደም የምንለማመድበት ቦታ ነው። ተሳስተን ስቀን፣ ስቀን አፍረን፣ አፍረን ዳግመኛ እናያለን።

ሞሊየር እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1673 ሕመምተኛ መሳይን ሰው እየተጫወተ ሳለ በእውነት ታምሞ በዚያው ሌሊት ሞተ። በቦታው ለነበሩት ተመልካቾች የመጨረሻ ሳሉ የጨዋታው አንድ ክፍል ሳይመስላቸው አልቀረም። መንግሥቱ ለማ በ1980 ዓ.ም.፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። እንጨት ቆራጩ ግን አሁንም በዱላ ሐኪም ይሆናል፤ አባትየውም አሁንም ሰውን በኪሱ ይመዝናል።

ልጅቱም አለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዐይኗን ወደ መሬት ሰብራ፣ በመድረኩ ጥግ ተቀምጣለች። ቀጣዩ ንግግር የእርሷ ነው።